የላዳዋ እግር

የአዲስ አበባ ላዳ ነጂ ጆሮ ለጉድ ነው። ሞተሩ ሲያስነጥስ ካርቡሬተሩ መቆሸሹን፣ ካምቢዮው ሲያጉረመርም ዘይት መጠማቱን ገና ከሰፈሩ ሳይወጣ ያውቃል። ተሳፋሪ በር ሲዘጋ በጉልበት ይዝጋው በብልሃት፣ ዞር ብሎ ሳያይ ይለያል፤ በጉልበት ከሆነም ዝም ብሎ አያልፍም። አንድ ድምፅ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ጆሮ ድፍን ይላል። ከፊት፣ ከእግር በኩል፣ ጉድጓድ በተገባ ቁጥር "ቋ" የሚለው ድምፅ ነው። ለዚህ ሕመም እስካሁን የተገኘው ፈጣን መድኃኒት ሬድዮኑን ከፍ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ጥፋቱ የኮብልስቶኑ ነው። ቀጥሎ መንገዱን ቆፍሮ፣ አፈር አልብሶ የሄደው መሥሪያ ቤት ይረገማል። ከኋላ ወፈር ያሉ እናት ከነዘንቢላቸው ከተቀመጡ ደግሞ ምክንያቱ እሳቸው ይሆናሉ፤ በእርግጥ ፊት ለፊት አይነገራቸውም። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ወራት ያልፉና መሪው ራሱ አፍ ያወጣል። መኪናዋ ቀጥ ብላ እየሄደች መሪው ወደ ግራ ጠሞ ይያዛል። ወዲህ ወዲያ ሲሉትም ጎማው ወሬውን ሳይሰማ በፊት አንድ ሁለት ጣት ያህል ባዶውን ይጫወታል። አስተዋይ ተሳፋሪ "ጋሼ፣ መሪው አልጠመመም እንዴ?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው።

"መሪውስ ደህና ነው፤ መንገዱ ነው የጠመመው።"

የዚህ ሁሉ ጣጣ ባለቤት ታይሮድ የሚባል፣ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ የሚኖር ዘንግ ነው። ሹፌር መሪ ሲያዞር በቀጥታ ጎማውን የሚያዞር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ትእዛዙ ጎማው ጋ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይቀያየራል። መሪው በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጥርስ ያዞራል፤ ሳጥኑ አንዲት አጭር ክንድ ያወዛውዛል፤ ክንዷ መካከለኛውን አግዳሚ ትገፋለች፤ አግዳሚው በግራና በቀኝ የተያያዙትን የጎን ዘንጎች ይዞ ይሄዳል። ጎማዎቹን በመጨረሻ የሚያዞሩት እነዚህ ናቸው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እንደ ጥማድ በሬ ቢታዩ ዘንጎቹ ቀንበራቸው ናቸው፤ ቀንበሩ ሲላላ የግራው በሬ በግራ፣ የቀኙ በቀኝ ማሳ ያማትራል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው። ላዳ 6 አሏት፤ 2ቱ በመካከለኛው አግዳሚ ጫፎች፣ 4ቱ በሁለቱ የጎን ዘንጎች ጫፎች። እያንዳንዳቸው ውስጥ ግሪስ የጠጣ የብረት ኳስ በጎድጓዳ ቤቱ ተቀምጦ ይሽከረከራል። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣም፣ መሪው ሲታጠፍም እሺ ብሎ የሚተጣጠፈው እሱ ነው። ከላይ ትንሽ ላስቲክ ለብሷል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚህች ላስቲክ መቀደድ ነው። ስትቀደድ የክረምቱ ጭቃ ይገባል፣ የበጋው አቧራ ይከተላል፣ ግሪሱ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል፤ ከዚያ ወዲያ ኳሱ በዞረ ቁጥር ቤቱን ይበላል። ቤቱ ሲሰፋ "ቋ" ይጀመራል። አለቅጥ ሲሰፋ ደግሞ ኳሱ አንድ ቀን ውልቅ ብሎ ይወጣል፤ ያን ጊዜ አንደኛው ጎማ ወደ ቦሌ፣ ሌላኛው ወደ መርካቶ ያያል። ይህ የደረሰው መኪና ለማቆም መሪ ሲጠመዘዝ ከሆነ የሰፈር ልጆች ከብበው ይስቃሉ። የእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ከሆነ የሚስቅ አይገኝም።

ለመሆኑ ሁለቱ ጎማዎች ሲታጠፉ እኩል ይታጠፋሉ? አይታጠፉም። በኩርባ ላይ የውስጠኛው ጎማ ጠበብ ያለ ክብ ስለሚሄድ ከውጪኛው ይበልጥ መታጠፍ አለበት። ይህን በዘንጎችና በክንዶች አቀማመጥ የፈታው ጌኦርግ ላንከንስፔርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ነበር፤ መኪና ገና ባልተፈጠረበት ዘመን፣ ለፈረስ ሠረገላ። ለንደን ውስጥ ወኪሉ የነበረው ሩዶልፍ አከርማን፣ በሙያው ሥዕልና መጽሐፍ አሳታሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1818 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እስከ ዛሬ የምህንድስና መጻሕፍት ነገሩን የሚጠሩት በአከርማን ስም ነው። ሠሪው ተረስቶ ስም ለወኪሉ መቅረቱ መርካቶ ለሚውል ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ላዳዋም ብትሆን የዘር ሐረጓ ረጅም ነው። እናቷ ፊያት 124፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተሸለመች ጣሊያናዊት ናት። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው ቶሊያቲ በምትባል የቮልጋ ዳር ከተማ ፋብሪካ ገነቡ፤ ከተማዋ ራሷ የተሰየመችው በጣሊያኑ የኮሚኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያዎቹ ከፋብሪካው ሲወጡ ቆርቆሯቸው ወፍሮ፣ ከመሬት ከፍ ብለው፣ የኋላ ፍሬናቸው ከዲስክ ወደ ከበሮ ተለውጦ ነበር፤ ለሩሲያ መንገድ ታስቦ። ዘሯ ሩሲያ ውስጥ ሳይቋረጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ተመረተ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የገባችው ደግሞ ሰማያዊ በነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች። ጣሊያን ወለዳት፣ ሩሲያ አሳደጋት፣ አዲስ አበባ አስረጀቻት።

ስታረጅ ያልተደረገላት ነገር የለም። ዳሽቦርዷ ላይ ፀጉራም ምንጣፍ ተነጥፎላታል። ከመስታወቷ ላይ መቁጠሪያና ሽቶ ተንጠልጥሎላታል። የኋላ መስኮቷ ላይ ቅዱሳን ተለጥፈውላታል፤ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብታለች፤ ወንበሯ ሌዘር ለብሷል። ላስቲኳ የተቀደደ መገጣጠሚያ ግን ከሥር ስለሆነ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ላይ ብር ማውጣት ደግሞ ለባለመኪና እንደ መዘረፍ ይቆጠራል። ታይሮድ ከወንበር ሌዘር በላይ ክብር የሚያገኘው አንድም ጎማ ሲበላ፣ አንድም ቦሎ ሲደርስ ነው። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ በተቃረበ ቁጥር የእግር መካኒኮች በር በወረፋ ይጣበባል። ዓመቱን ሙሉ "ቋ" ስትል የኖረች መኪና በዚያ ሳምንት ጸጥ ማለት አለባት። ለምርመራው ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ ገብቶ፣ ሲወጣ መልሶ የሚፈታ ሰው እንዳለም ይወራል። ታይሮድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዋሱትም።

ጥሩ የእግር መካኒክ ለምርመራ ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። ክሪክ ያስገባል፣ የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስደርጋል። (ይህ ድንጋይ ሥራው ካለቀ በኋላ እዚያው አስፋልት ላይ ተረስቶ የሌላ መኪና እግር ይሰብራል፤ ጋራዦች ደንበኛ የሚያፈሩበት መንገድ ብዙ ነው።) በክሪክ ብቻ አምኖ ከሥር አይገባም፤ ማቆሚያ ብረት ያስደግፋል። ከዚያ ጎማውን በግራና በቀኝ፣ ሰዓት ላይ 9 እና 3 በሚሆኑበት በኩል ይዞ ይነቀንቃል። እንዲያ ተይዞ ከተጫወተ ጥርጣሬው ታይሮድ ላይ ያርፋል፤ ከላይና ከታች ተይዞ ከተጫወተ ወደ ኩሽኔታው ወይም ጎማውን ወደሚሸከሙት መገጣጠሚያዎች ይዞራል። ለማረጋገጥ ልጁን መሪ ላይ ያስቀምጥና "ወዲህ! ወዲያ! ቀስ!" እያለ እጁን መገጣጠሚያው ላይ ይጭናል። ዐይን የሳተውን መዳፍ ያገኘዋል፤ የላላው ኳስ መሪው በተነቃነቀ ቁጥር ከመዳፉ ሥር ይዘላል።

"ጋሼ፣" ይላል ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "እግዜር ነው እስካሁን ይዞልዎት የኖረው።"

"ምኗ ነው?"

"ምኗ ደህና ነው ብለው ቢጠይቁኝ ይቀላል።"

ባለመኪናው ይህን ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ በመላው ከተማ አንድ ነው፤ "የተበላው አንዱ ብቻ አይደል? እሱን ብቻ ብትቀይርልኝስ?" ሁለቱ ወገኖች በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጭቃ፣ በአንድ ዕድሜ የኖሩ ናቸው፤ የግራው ሲሞት የቀኙ ኑዛዜ ላይ ነው። ዛሬ የቀረው ከሁለት ክረምት በኋላ ሲመጣ ለመፍታት የእጅ ዋጋ እንደገና፣ ለማስተካከያ ክፍያ እንደገና ይወጣል። ባለመኪናው ይህን ስሌት ያውቀዋል። ቢሆንም ይከራከራል፤ ካልተከራከረ ያልሠራ ይመስለዋል።

ዕቃው ወደሚገኝበት ሶማሌ ተራ ሲኬድ አሮጌውን ዘንግ በጋዜጣ ጠቅልሎ መያዝ ደንብ ነው። ሻጩ ጋዜጣውን ገልጦ ዕቃውን በእጁ መዝኖ፣ የሞተ ዘመድ እንዳየ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

"የላዳ ናት። ኦርጅናል ነው የምትፈልገው ወይስ የሚሠራ?"

"ኦርጅናሉ አይሠራም እንዴ?"

"ይሠራል፤ ዋጋው ነው ሰውን የማያሠራው።"

ኦርጅናል አለ፣ "ከኦርጅናል የማይለይ" አለ፣ ዋጋው ተከራክረው ግማሽ ሲገባ ኦርጅናልነቱ አብሮ የሚቀንስም አለ። ያገለገለም ሞልቷል፤ ከሌላ ላዳ ተፈትቶ፣ በናፍጣ ታጥቦ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አዲስ ሙሽራ መስሎ ይጠብቃል። ቀለም ግን የሰፋ የኳስ ቤት አያጠብም። መለያው ቀላል ነው። ጤነኛ አዲስ መገጣጠሚያ ጥብቅ ነው፤ ኳሱን ከነእግሩ በጣት ሲገፉት እየተግደረደረ ይሄዳል። በራሱ ክብደት ዘንበል ካለ ሻጩ "ግሪስ በዝቶበት ነው" ቢልም መመለስ ነው። ላስቲኩንም ቆንጠጥ አድርጎ ማየት ይገባል፤ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ላስቲክ መኪና ሳያይ ይሰነጠቃል። የጥርሱን አቅጣጫ ሳያይ የገዛ ሰው ደግሞ እዚያው ሱቅ በር ላይ ከሰዓት በኋላም ይታያል። ከ4ቱ የጎን ዘንግ ጫፎች ግማሾቹ በቀኝ፣ ግማሾቹ በግራ የሚጠብቁ ናቸውና።

"ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ ያድሱልሃል" የሚል መካሪም አይጠፋም። የቶርኖ ሰዎች እጅ የሚደነቅ ነው፤ ስንት የተጣለ ብረት ነፍስ ዘርተውበታል። መሪ ላይ የሚውል ኳስ ግን በብየዳና በግምት የሚታደስ ዕቃ አይደለም። እዚህ ላይ መካሪው ይመስገንና ይሸኝ።

ትዕይንቱ ፍቺው ላይ ነው። አንዷን ላዳ እንውሰድ። ዳዶው ሌሊቱን ናፍጣ ሲጠጣ አድሯል። የዚህ ዳዶ አናት የተሰነጣጠቀ ነው፤ በስንጥቁና በኳሱ እግር ቀዳዳ በኩል አንዲት ቀጭን ስፒል አልፋ ጫፏ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። ሥራዋ ዳዶው በንዝረት ተፈትቶ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው። ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም። በዚህች ላዳ ላይ በስፒሏ ቦታ የተገኘው ግን ምስማር ነበር። የዛገ፣ ጫፉ በፒንሳ የተጠመዘዘ፣ ደህና የቆርቆሮ ምስማር። መካኒኩ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገው።

"ጋሼ፣ ይህን የሠራልዎት ሰው ወንጀለኛ ነው!"

ባለመኪናው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ምስማሩን አዩ፣ መካኒኩን አዩ። "አምና አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?"

መካኒኩ ምስማሩን እንደገና አገላብጦ ተመለከተው። "ለጊዜው ነበር" አለ፤ ኪሱም ከተተው።

ዳዶው በ22 ቁልፍ ተፈታ፤ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም። የኳሱ እግር ሾጣጣ ነው፤ በሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ ለዓመታት ተጠቅጥቆ ኖሯል። ለዚህ የተሠራ ማውጫ መሣሪያ አለ፤ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ግን መሣሪያው ጎረቤት ጋራዥ ነው ያለው። የቀረው መዶሻ ነው። ጀማሪ የሚመታው የኳሱን እግር ጫፍ ነው፤ ጥርሱ ይላጫል እንጂ ዘንጉ አይወጣም። ያወቀው ግን ሁለት መዶሻ ይይዛል፤ አንዱን በቀዳዳው አንድ ጎን ደግፎ፣ በሌላው ተቃራኒውን ጎን አንድ ሁለት ጊዜ ያቀምሰዋል። የቀዳዳው ግድግዳ ለቅጽበት ይነዝርና ሾጣጣው "ጧ" ብሎ ይለቃል። እዚህ ላይ ባለመኪናው ሁልጊዜ ይደነግጣሉ። ከተሰበረ ይልቅ የተፈታ ነገር ድምፁ ይበልጣል።

ቀጥሎ ቆጠራ ይመጣል። የጎን ዘንግ ርዝመት የሚስተካከለው በመካከሉ ባለች ቱቦ ነው። በአንድ ጫፏ የቀኝ፣ በሌላው የግራ ጥርስ ስላላት፣ ማሰሪያዋ ላልቶ በዞረች ቁጥር ዘንጉ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ስለዚህ አሮጌው ጫፍ ሲፈታ ስንት ዙር እንደወጣ ተቆጥሮ አዲሱ በዚያው ቁጥር ይገባል። ልጁ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። "አስራ አራት... አስራ አምስት..." በዚህ መሀል አንድ መንገደኛ አንገቱን አስግጎ "ስንት ሰዓት ነው የምትዘጉት?" ይላል። "አስራ ሁለት" ይላል ልጁ በትሕትና። ከዚያም ወደ ሥራው ተመልሶ "አስራ ሦስት... አስራ አራት..."

እንዲህ ባይሆንም ቆጠራ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። አዲሱ ጫፍ ራሱ ከአሮጌው በሚሊ ሜትር ሊለይ ይችላል፤ የላዳ መመሪያ ደግሞ የሚፈቅደው ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከኋላቸው ይልቅ በፊታቸው በኩል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲቀራረቡ ነው። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ክር ወጥረው፣ አንድ ዐይን ጨፍነው የሚያነጣጥሩ አንጋፋ መካኒኮች አሉ። ጥሩ ክርና ጥሩ ዐይን ካላቸው መኪናዋን አላይመንት ቤት ድረስ በሰላም ያደርሷታል። ከዚያ በላይ ግን ማሽን ይፈልጋል።

ባለመኪናው የሚያምፁት ታዲያ እዚህ ነው። ዕቃ ገዝተዋል፣ የእጅ ከፍለዋል፣ ለልጁ የሻይ ሰጥተዋል። "አሁንማ ቀጥ ብላለች!" ይላሉ፤ ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ለቀቅ አድርገው ያሳያሉ። መኪና ቀጥ ብላ እየሄደችም ጎማዎቿ እርስ በርስ ተዛንፈው ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሲገፋ ይጣጣሉና። ሒሳቡ ይህን ያሳያል። አንድ ጎማ 1 ዲግሪ ብቻ ተዛንፎ ቢሄድ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ጎማ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ በጎኑ ተፍቆ ነው የሚደርሰው። አላይመንት ያስቀረው ሰው ያተረፈው ብር ጎሚስታው ቤት ይጠብቀዋል፤ ወለዱ አብሮ።

ይህ ጉዳይ ከላዳ ጋር አብሮ ያረጃል ብሎ የሚጽናና ካለ አይቸኩል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ታክሱን ሰማይ ሰቅሎታል። ስለዚህ በእጅ ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ቦሎ ትለጥፋለች። የኤሌክትሪክ መኪና የያዘው ወጣት ሹፌር በበኩሉ "ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ካርቡሬተር የለ" እያለ ይኩራራል። እውነቱን ነው። ታይሮድ ግን አለው፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነም የፊት እግሩ ሸክም ቀላል አይደለም። ሶማሌ ተራ ጾሙን አያድርም።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ያለዎት አንባቢ፣ ቦሎ ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ አንድ ሰው መሪ ላይ አስቀምጠው መገጣጠሚያዎቹን በእጅ ያስፈትሹ። ላስቲኩ ከተቀደደ ወይም ኳሱ ከዘለለ የግራውንም የቀኙንም በአንድ ቀን ያስቀይሩ፤ አላይመንቱን በዚያው ቀን ያሠሩ። ስፒሏንም አዲስ ይግዙላት፤ ምስማሩን ሥዕል ይስቀሉበት።